ባዶ ነው ያልኩት ዲስክ

ጋሽ ይሁኔ ማረፋቸውን የነገረችኝ እህቴ ናት። ባሕር ዳር ሥራ ላይ ሳለሁ ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝና መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥላ ስለ በርበሬው፣ ቀጥላ ስለ እናቴ ጉልበት አወራችኝ። በመጨረሻ «ጋሽ ይሁኔ ደከም ብለዋል፤ ከቻልክ ነገ ጠዋት ና» አለችኝ። በእኛ አገር እንዲህ ከተባለ ሰውዬው አልፏል ማለት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርማ።

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እኔ በእኚያ ሰው ቤት ያደረግሁትን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሞቱ። ኀዘኑ የመጣው በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ሲመጣም አልተቻለም።

ጋሽ ይሁኔ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ቤታቸውን ከእናቴ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ስቱዲዮአቸው ሳሎናቸው ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መጋረጃ፣ መጋረጃው ፊት አንዲት ዱካ፣ ሚስማር ላይ ደግሞ ለፎቶ የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮት። የኮቱ እጅጌ ለአጭሩም ለረጅሙም ልክ አልነበረም። የምዕራብ ጎጃም ግማሽ ወንድ በዚያ ኮት ነው ፎቶ የተነሣው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የማንኩሳ ወይም የቡሬ ገበያ በሚውልበት ቀን ደግሞ ካሜራቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደዚያ ይወርዳሉ።

ፎቶ ሊነሣ የተቀመጠ ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስምና የመንደሩን ስም ሳይናገር ካሜራው ከጋቢው አይወጣም። አንዳንዱ ቸኩሎ «ለመታወቂያ ነው፣ ቶሎ በሉ» ይላቸዋል። «ስምህን ካልያዝሁ ኋላ ማን ብየ ላወጣህ ነው?» ይሉታል። «ኋላ» የሚሉት መቼን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አይጠይቅም። የገጠሩ ሰው በዕድሜው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው ፎቶ የሚነሣው። ሲሞት ቤተሰቡ ጥቁር ለብሶ ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ይመጣል፤ እሳቸውም ፈልገው ያወጡና አሳድገው ይሰጡታል። ለለቅሶው ያ ፎቶ ይቆማል፤ ለተዝካሩም ያው ፎቶ ይቆማል።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ፊልም ማግኘት ሲያስቸግር ዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር ገዙ። ኮምፒውተሩ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ባለቤታቸው በሠሩት ዳንቴል ተሸፍኖ ተቀመጠ። ለያንዳንዱ መንደር አንድ ፎልደር፣ ለያንዳንዱ ሰው ከነአባቱ ስም አንድ ፎቶ። ይህን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ተማሪዎቼን የምቀድማቸው በአንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ ግን የኮምፒውተር ዶክተር እያለ ይጠራኝ ነበር፤ እኔም ስሙን አልጠላሁትም።

በዚያን ጊዜ ቫይረስ የከተማው ወረርሽኝ ነበር። ኢንተርኔት ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል፣ ቫይረሱ ግን ኢንተርኔት አላስፈለገውም፤ በፍላሽ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመዝሙር ቤት ፎቶ ቤት ይዞራል። ስለዚህ አንድ ቀን ከባሕር ዳር ሦስት ዓይነት አንቲቫይረስ በሲዲ ይዤ መጣሁና ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩላቸው። ጋሽ ይሁኔ መነጽራቸውን አደረጉና ዘበኛ እንደሚቀጥር ሰው ይመረምሩኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ነው አልኳቸው፤ ያገኘውን ወዲያው ያጠፋል። «ሳይጠይቅ?» አሉኝ። ሳይጠይቅ። ሲዲውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። የሰው አደራ ባለበት ቤት ሳይጠይቅ የሚገድል አያስፈልገኝም አሉ። ሁለተኛው ዋጋ የሚከፈልበት ነው፣ ነገር ግን ያመጣሁት ቁልፉ ተሰብሮ የተባዛውን ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ፤ ሌባን በተሰረቀ ዘበኛ ላስጠብቅ ነው ወይ አሉኝ። ሦስተኛው ነጻ ነው፤ ጥርጣሬ ሲኖረው ያቆምና «ላጥፋ ወይስ ልተወው?» ብሎ ይጠይቃል። እሱን ወደዱት። ምን ይበላል አሉኝ። በየሳምንቱ የአዳዲስ ቫይረሶች ስም ዝርዝር ካልተሰጠው አዲሱን ሌባ እንደማያውቀው አስረዳኋቸው፤ ቤታቸው ኢንተርኔት ስለሌለ እኔ እያወረድኩ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ። በጥያቄዎቻቸው ሁሉ ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር የእኔን ዋስ አለመጠየቃቸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይፈተሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባ ፍላሽ አልነበረም። አንድ የወረዳ ሰው «ይኸ እኮ የመንግሥት ፍላሽ ነው» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጋሽ ይሁኔ በትሕትና እጅ ነስተው ፈተሹት። አሥራ አንድ ቫይረስ ተገኘበት። እንግዲህ እነዚህም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው መሰለኝ፣ ላሰናብታቸው ወይስ ይቀጥሉ ብለው ጠየቁት። ሰውዬው መሳቅም መቆጣትም አቅቶት ሄደ።

አሁን ስለ እማማ እንጓዳይ መናገር አለብኝ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ መንደር የሚመጡ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ቢያድግልኝ ይባላል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ሊወርድ ሲል ጋሽ ይሁኔ ዘንድ መጥቶ፣ ያንን ኮት ለብሶ፣ ቆሞ ተነሣ። የታተመውን ፎቶ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ወባ ይዞት እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ፎቶውም አብሮት ቀረ።

እማማ እንጓዳይ መርዶውን የሰሙ ሰሞን ሲመጡ እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ይሁኔ ፎልደሩን ከፍተው ልጁን ሙሉ ስክሪን አደረጉላቸው። ባልቴቷ አላለቀሱም። ጠጋ ብለው ጣታቸውን በልጁ ጫማ ላይ፣ ከዚያ በጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ በፊቱ ላይ አደረጉ። ጋሽ ይሁኔ ሊያትሙላቸው ሲነሡ እምቢ አሉ። ቤታቸው ጭስና አይጥ እንደሆነ፣ ወረቀትማ ይዞት ሄዶ እንደጠፋ ተናገሩ። «እዚሁ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ አያ ይሁኔ። እኔ እየመጣሁ አየዋለሁ» አሉ።

እንዳሉትም የፍኖተ ሰላም ገበያ በዋለ ቁጥር ይመጡ ነበር። ያመጡትን ጎመን ወይም እንቁላል ሸጠው፣ እግራቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው ይገቡና ዱካዋ ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ይሁኔ ደንበኛ ቢኖርም ሥራቸውን አቁመው ዳንቴሉን ገልጠው ልጁን ያወጡላቸዋል። መብራት ከጠፋ ባልቴቷ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አንዳንዴ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ለስክሪኑ ይነግሩታል፤ ላሟ እንደወለደች፣ የጎረቤት ልጅ እንዳገባች። ሲበቃቸው «በቃ፣ ክደኑት» ይላሉ። ጋሽ ይሁኔ እንዲታተም ደጋግመው ለምነዋቸዋል። እኔም በሲዲ እንገልብጠው ብያለሁ፤ የሲዲ መጻፊያው ተበላሽቶ ስለነበር ላመጣ፣ ላመጣ ስል ቀረ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከቡሬ ጥቁር የለበሰ ሰው መጣ። ሚስቱ ሞታበት የሠርጓን ፎቶ በፍላሽ ይዞ፣ ለለቅሶው እንዲያሳድጉለት ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ጋሽ ይሁኔ ፍላሹን ተቀብለው ሳይፈትሹ ሰኩት። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው እንደ ልጅ አዩኝ።

«ሚስቱን ቀብሮ የመጣን ሰው፣ ቆይ ልፈትሽህ እለዋለሁ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

ይህን የሚረዳው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ኀዘንተኛ ደጅ ሲመጣ አይጠየቅም፣ አይፈተሽም፣ ወንበር ይለቀቅለታል። ደግሞስ ቢፈትሹትም ምን ሊያገኙ ነበር? እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ሁለት ወር ሙሉ ዝርዝሩን አላመጣሁላቸውም። ዘበኛው ተርቦ ተኝቶ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አስቸገራቸውና ጠሩኝ። ሮጬ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ፤ ዝርዝሩን አውርጄ፣ ጭኜ፣ ፍተሻውን ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ እንደ ጉድ ይወርድ ጀመር። ጋሽ ይሁኔ ከኋላዬ ቆመው በመነጽራቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ማንኩሳ። ጅጋ። ቡሬ። ደምበጫ። ከዚያ አንቲቫይረሱ፣ ለዚሁ ጠባዩ ሲባል እንደተመረጠ፣ አቆመና ጠየቀ። ላጥፋ ወይስ ልተወው?

«የመንደሮቹን ስም ነው እኮ የሚያነበው» አሉኝ ጋሽ ይሁኔ።

ተበክለው ነው፣ ያጸዳቸዋል አልኳቸው። እርግጠኛ አልነበርኩም። አላውቅም ማለት ግን ለኮምፒውተር ዶክተር ይከብዳል። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ።

ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ሲጨርስ ፎቶዎቹ የነበሩበት ክፍል ነጭ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ይሁኔ አልጮሁም። ማውሱን ከእጄ ወስደው፣ እንዳስተማርኳቸው፣ የዲስኩን መጠን የሚያሳየውን ክብ ከፈቱ፤ ሰማያዊው የተያዘው ነው፣ ሮዙ ባዶው ነው። ክቡ ከሞላ ጎደል ሰማያዊ ነበር። «ባዶ ከሆነ ለምን ሙሉ ነው ይላል?» አሉ።

ስንት ዓመት ሆነው። ያቺን ጥያቄ እንቅልፌ ውስጥ እሰማታለሁ። ያን ቀን በዚያ ቤት ውስጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ ሳላመነታ፣ ለተማሪ እንደሚመልስ ሰው፣ ቦታውን የያዘው ቫይረሱ ነው አልኳቸው፤ ከነሥሩ ካልተነቀለ መልሶ ይበቅላል፣ ፎርማት መደረግ አለበት አልኩ። ዱካዋ ላይ ተቀመጡ። «አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ፎርማት አደረግሁት። ሲያልቅ ክቡ ሁለንተናው ሮዝ ሆነ፤ እኔም ይኸው ጸዳ ብዬ አሳየኋቸው።

በገበያው ቀን እማማ እንጓዳይ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን አራግፈው ገቡ። ጋሽ ይሁኔ እኔ እንድነግራቸው አልፈቀዱም፤ ራሳቸው ነገሯቸው። በሽታ ገብቶ በላቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልፈትሽ አስገብቼ ነው አሉ። ባልቴቷ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «መቃብሩ እኮ ይኸ ነበር» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡ። መንደራቸው ሁለተኛ ለቅሶ ተቀመጠ ሲባል ሰማሁ፤ ዳግመኛ እዚያ ቤት አልመጡም።

ጋሽ ይሁኔ ግን ሥራ አልተዉም። በየመንደሩ በእግራቸው ዞረው የታተመ ፎቶ ያለውን ቤት ሁሉ እየለመኑ ዳግመኛ ያነሡ ጀመር። ጥቂት አገኙ፤ የተረፈውን ዝናብና አይጥ ጨርሶታል። ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ስም ይጽፋሉ። ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ ሰው ሲጠይቃቸው። ለእኔ ደግሞ «አንተ ባትኖር ይኸም አይተርፍም ነበር» ይሉኝ ነበር።

ከዓመት ተኩል በኋላ የአይሲቲ መምህራን ባሕር ዳር ለሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኟ አንድ ፍላሽ ሰካችና ባዶ ስክሪን አሳየችን። ይህ ፍላሽ ባዶ ነው ወይ ስትል ሁላችንም ባዶ ነው አልን። አንድ ቦታ ገብታ አንዲት ምልክት ተጫነች፤ የተደበቁትን አሳይ የምትል። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው፣ በነበሩበት ቦታ ብቅ አሉ። ይህ ቫይረስ ፎልደር አያጠፋም አለች፤ ይደብቅና በስሙ ሐሰተኛ ያስቀምጣል፣ አንቲቫይረሱ የሚያጠፋው ሐሰተኛውን ነው። ሰው ግን ጠፋብኝ ብሎ ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና ወደ ፍኖተ ሰላም ተሳፈርኩ።

ፍኖተ ሰላም እንደገባሁ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። አዲስ ያነሡትን ፎቶ ስም እየጻፉ ነበር።

«ጋሽ፣ ያኔ ፎቶዎቹ አልጠፉም ነበር» አልኳቸው። «ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።»

እጃቸው የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ሙሉ ነው ሲል እውነቱን ነበር ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። ሁሉም እዚያው ነበሩ ወይ አሉኝ። ሁሉም አልኩ።

«እኔሳ ሞተው ነበር የቀበርኋቸው የመሰለኝ» አሉ። «ከነነፍሳቸው ነው በለኛ።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ደስ ባለኝ። ብቻ ስወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዙና ለእማማ እንጓዳይ እንዳልነግራቸው አስማሉኝ። እሷ ቁርጧን አውቃ ተቀምጣለች፣ ሁለቴ ሞቶባታል፣ ሦስተኛ አንግደልባት አሉ። በእናቴ ስም ማልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ይሁኔ ካሜራ አልያዙም። የጀመሩትን ስም እንኳ አልጨረሱትም። ሰው ሲጠይቃቸው ዓይኔ ደክሟል ይላሉ። ቀን ቀን ሳሎናቸው ተቀምጠው ያንን ሮዝ ክብ ከፍተው ያያሉ አሉኝ ባለቤታቸው። እስከዚያ ድረስ የተሸከሙት ጥፋት እንኳ በሰው ወግ የተሠራ ጥፋት ነበር፤ ኀዘንተኛን አልፈተሽኩም ብለው ነው የኖሩት። እኔ ያንን ወሰድኩባቸው። እውነቱን የነገርኳቸው ለእሳቸው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ፤ ነገር ግን ሸክሜን ላወርድ ብዬ ነው፣ ያወረድኩትም እሳቸው ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቄ ከተማውን ለቀቅሁ።

ቀብራቸው ላይ ሕዝቡ ብዙ ነበር። ከየመንደሩ የመጡ፣ ፎቷቸው የጠፋባቸው ሰዎች ሁሉ መጥተው አለቀሱላቸው። አፈሩ ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ኩርምት ያለች ባልቴት ምርኩዝ ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁ። እማማ እንጓዳይ ናቸው። ብዙ አርጅተዋል። አላወቁኝም ብዬ ነበር፤ አውቀውኛል።

«አንተ የዚያ ማሽን ሐኪም አይደለህም፣ ልጀ?» አሉኝ።

ነኝ አልኳቸው።

«እውነቱን ንገረኝ። ያኔ ልጀን ማውጫ ምንም መንገድ አልነበረም?»

መቃብሩ ገና እርጥብ ነው። የማልኩላቸው ሰው ከሥሩ ተኝተዋል። ባልቴቷ አንጋጠው፣ ሳያርገበግቡ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አልነበረም፣ እማማ።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በጋሽ ይሁኔ ላይ ቂም ይዘው ነው የኖሩት፤ ቸል ብለውት ነው፣ ቢፈልጉ ያወጡት ነበር እያሉ። አሁን እንደተገላገሉ፣ ሄደው መቃብሩ ላይ ይቅርታ እንደሚሉ ነገሩኝ። ከዚያ ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ጎንበስ ብለው ሊስሙት ቃጡ። እናት የምታህል ሴት እጅህን ልትስም ስትል መንጠቅና የእሷን መሳም ነው ወጉ። እኔ አልነጠቅሁም። ሁሉንም አጥፋ ያለውን እጄን ሳሙትና እግዜር ይስጥህ አሉኝ።